የክፍያ ፎቶ ደረሰኝ አይደለም

ከጣራ ገዳም በስተደቡብ በምትገኘው ወረታ የሚሠራ የፎገራ ሩዝ ነጋዴን ለምሳሌ እንውሰድ፡፡ የአዲስ አበባ ደንበኛው በቴሌብር መክፈሉን ነግሮ የስልኩን ስክሪን ፎቶ ይልክለታል፡፡ ፎቶ ግን ሊቀናበር ይችላል፡፡ መኪናው ሩዙን ጭኖ ከወጣ በኋላ ገንዘቡ አለመግባቱ ቢታወቅ ለነጋዴው የሚተርፈው ክስና ምልልስ ነው፡፡

መፍትሔው የነጋዴው የሽያጭና የመጋዘን ሶፍትዌር ክፍያውን ከምንጩ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው፡፡ ይህን የሚያስችለው መግቢያ ኤፒአይ ይባላል፡፡ አንድ ሶፍትዌር «በዚህ መልክ ብትጠይቀኝ ይህን እመልስልሃለሁ» ብሎ ለሌሎች ሶፍትዌሮች አስቀድሞ ያወጣው ደንብ ማለት ነው፡፡ እኔ የሕግ ሰው በመሆኔ የማየው እንደ ውል ነው፡፡

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር እንዲህ ዓይነት መግቢያ አለው፡፡ አሠራሩም የሚከተለው ነው፡፡ እንደ ኦዱ ያለው የነጋዴው ሶፍትዌር የሽያጩን ቁጥርና የገንዘቡን መጠን ይልካል፡፡ ገዢው በሚስጥር ቁጥሩ ይከፍላል፡፡ ቴሌብር ውጤቱን ነጋዴው ወዳስመዘገበው አድራሻ ይልካል፡፡ ሶፍትዌሩ የመልዕክቱን ዲጂታል ፊርማ ይመረምራል፤ ቁጥሩና መጠኑ ከገጠሙ ብቻ የመጋዘን ማውጫ ያዘጋጃል፡፡

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ፡፡ አንደኛ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ መልዕክቱ ላይደርስ ወይም ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል፡፡ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሲጠራጠር መልሶ መጠየቅ፣ ለአንድ ክፍያም ሁለት ጊዜ ዕቃ አለማስወጣት አለበት፡፡ ሁለተኛ፣ የኤፒአዩ ሚስጥራዊ ቁልፍ እንደ ድርጅት ማኅተም ነው፤ በቴሌግራም አይላክም፣ የሚያውቀው ሠራተኛ ሲለቅም ይቀየራል፡፡

ሕጉስ ምን ይላል? በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልዕክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን አያጣም፡፡ የሶፍትዌሩ የመልዕክት መዝገብ ነገ ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል መጠበቅ አለበት፡፡ በመዝገቡ የሚቀመጠው የገዢ ስምና ስልክ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚመለከተው ነው፡፡

በእኔ አስተያየት ከባለሙያው ጋር የሚደረገው ውል ዋጋና የርክክብ ቀን ብቻ ከያዘ ጎደሎ ነው፡፡ ቁልፉ የማን እንደሆነ፣ መልዕክት ቢዘገይ ወይም ቢደገም ኪሣራውን ማን እንደሚሸከም፣ መዝገቡ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል፡፡ ይህ እስኪሟላ ድረስ ነጋዴው የገዢውን ፎቶ ትቶ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ይይ፤ ጭነቱም ከዚያ በኋላ ይውጣ፡፡