የገፈርሳ ውሃ እና የሶር ጫካ

ያደግኩት መቱ ነው፣ የሶር ወንዝ አገር። እኛ ዘንድ ውሃ ይወርዳል እንጂ አይተኛም፤ ሶር ወደ ገባ ይገባል፣ ገባም ከብርብር ጋር ገጥሞ ባሮ ይሆናል። ዝናቡ ስለማይለቀን ውሃ ማቆር ያስጨነቀው ሽማግሌ በልጅነቴ አላየሁም። ሰው የገደበው ሐይቅ መጀመሪያ ያየሁት በበደሌና በነቀምቴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ በሚገባው አውቶቡስ መስኮት ነው፤ ገፈርሳን፣ ቡራዩ ልንደርስ ስንል።

ገፈርሳን የጀመሩት በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ናቸው፤ ከተማዋን ውሃ ለማጠጣት። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከፍ ተደረገ፣ በ1960 ማጣሪያ ጣቢያ ተጨመረለት። በ1966 ደግሞ ከበላዩ ሌላ ግድብ ተሠራ፤ ገፈርሳ ሦስት ይባላል። ዋና ሥራው ከዳገቱ የሚወርደውን ደለል ቀድሞ ማስቀረት ነው። ዳገቱ ሲታረስ አፈሩ ወደ ውሃው መምጣቱ አይቀርም፤ ግድብን ቀስ በቀስ የሚገድለውም ይኸው አፈር ነው።

ስለ አእዋፍ ያሰበ መሐንዲስ የነበረ አይመስለኝም። ሆኖም በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ሰፊ ውሃና እርጥብ ሣር ሲገኝ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ መጣ። ዳክዬዎችም መጡ፣ ከጉሮሮው ሥር ሎቲ የመሰለ ቆዳ የሚያንጠለጥለው ባለ ረጅም መንቁር ወፍም እንዲሁ። ያቆያቸው ግን ጥበቃው ይመስለኛል። የመጠጥ ውሃ ነውና ሰውም ከብትም እንደልቡ አይገባበትም።

የአባ ሳሙኤልን ግድብ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ ካርፕ የሚባለው ዓሣም ከጣሊያን አገር መጥቶ የተለቀቀው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ወንዞች የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክመው ገቡበት፣ እምቦጭም ወረረው። ማመንጫው ተጠግኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ዳግም ሥራ ጀምሯል። ውሃውን ማዳን ግን ተርባይን ከመጠገን እጅግ የከበደ ሥራ ነው፤ ሳስበው ያንገበግበኛል።

የእኛው ሶርም በደርግ መጨረሻ ዓመታት 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተሠርቶለታል፤ ከዋናው መስመር ሳይገናኝ ብቻውን አካባቢውን ሲያበራ የኖረ ጣቢያ ነው። ክረምት ሶር ሲሞላ አፈሩን በየዳገቱ የሚይዝለት ጫካውና በጥላው ሥር ያለው ቡና ነው። እዚያው አካባቢ ያለው የያዩ የቡና ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከያዩ ውጭ ባሉት የሶር ዳገቶች ላይ ያለው ዛፍም እንደ ገፈርሳ ውሃ ዘበኛ ሊቆምለት ይገባል።