የበረራ ማለማመጃ ፕሮግራምና የወለጋ ምድር

የወለጋና የአይሮፕላን ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው የቦናያ ነገር ነው። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ከነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ የኢጣልያ አይሮፕላኖች አረፉ፤ በዚያው ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች አደጋ ጥለው ጄኔራል ማልዮኮንና የታወቀውን አብራሪ ሎካቴሊን ገደሉ፥ አይሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ያው ምድር፥ አይሮፕላን ሳይኖር፥ ከአብራሪ ወንበር ሊታይ የቻለበትን መንገድ ነው።

በ1929 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ በወናፍ የሚንቀሳቀስ የማለማመጃ ሣጥን ሠራ። በኋላ ኮምፒዩተር የሣጥኑን ሥራ ተረከበ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ብቻ የተጻፈ ስለ ነበረ፥ ኮምፒዩተሩ ሲያረጅ ፕሮግራሙም አብሮት ይቀበር ነበር።

በ1996 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሙር የተባለ ሰው፥ ብዙዎች በኅብረት የሚጽፉትና በነጻ የሚታደል ፕሮግራም እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ኩርቲስ ኦልሰን ሥራውን መርቶ «ፍላይትጊር» የተባለው ፕሮግራም በሊኑክስም፥ በዊንዶውስም፥ በማክም የሚሠራ ሆነ። ይህ ቀላል አልነበረም። አንዱ ኮምፒዩተር ቁጥርን ሲያስቀምጥ ከትልቁ ባይት ይጀምራል፥ ሌላው ከትንሹ፤ ስለዚህ በአንደኛው የተመዘገበ የተራራ ከፍታ በሌላው ሲነበብ ትርጉም የለሽ ይሆናል። መላው የምድሩን መዝገብ በአንድ ሥርዓት ብቻ መጻፍ፥ ልማዱ ሌላ በሆነው ኮምፒዩተር ላይም ባይቶቹን ገልብጦ ማንበብ ሆነ። ሥዕሉ ኦፕን ጂ ኤል በተባለ የጋራ ደንብ ይሣላል። በእኛ ግምት ግን ከሁሉ የሚበልጠው፥ ምድሩን ከፕሮግራሙ ለይቶ ማስቀመጡ ነው፤ ወለጋ የገባችው በዚህ በር ነውና።

በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኤንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ የአብዛኛውን የብስ ከፍታ በራዳር ለካች። ልኬቱ በነጻ ስለ ታደለ የፍላይትጊር ሰዎች ለምድራቸው መዝገብ ተጠቀሙበት። መዝገቡ በኬክሮስና በኬንትሮስ ዲግሪ የተከፋፈለ ነው፦ ነቀምቴ በሰሜን 9 በምሥራቅ 36፥ ጊምቢና ነጆ በ9 እና በ35፥ ደምቢ ዶሎ በ8 እና በ34 ይገኛሉ። ማንም የንግድ ድርጅት ስለ ጊምቢ ኮረብታ ብሎ ገንዘብ ባላወጣ ነበር።

ኮረብታው ትክክል ይሁን እንጂ ከተማው ሌላ ነገር ነው። መንገዱና ሰፈሩ ለብዙ ዘመን የተወሰደው ከ1 ለ1,000,000 ካርታ ሲሆን፥ በዚህ ልክ አንድ ኪሎ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ነቀምቴን የምታህል ከተማ በጥቂት ሚሊ ሜትር ትወሰናለች። የነቀምቴን መንገዶች የሚያውቅ ተማሪ መዝገቡን አንድ ጊዜ ቢያርም፥ ፕሮግራሙን የሚጽፍ ሌላ ሰው ሳያስፈልግ፥ እርማቱ በሦስቱም ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ይታያል።