ምንጩና ምሽጉ

ውጫሌ ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ነው። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ትርጉም ስለ ነበረው፥ ነገሩ በመጨረሻ ወደ ጦርነት አደረሰ። ከዚያ ጦርነት ታሪክ ውስጥ፥ ከዓድዋ ድል አስቀድሞ የሆነውን አንዱን እናስታውስ። በ1888 ዓ.ም. ሻለቃ ጋሊያኖ ከ1,000 በላይ ወታደር ይዞ በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ተቀምጦ ነበር። ምሽጉ ጽኑ ሲሆን ምንጩ ከቅጥሩ ውጭ ነበረ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ሠራዊታችን ምንጩን ቢይዝ፥ መድፍ ያልፈታውን ምሽግ ጥም ፈታው፤ በጥር ወርም ተለቀቀ።

በሰላም ዘመን እንዲህ ያለውን ከበባ የሚያመጡት ነፋስና ጎርፍ ናቸው። መጋቢት 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ሌሊት፥ ኢዳይ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሞዛምቢክ የምትገኘውን የቤይራን ከተማ መታ። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለባት ይህች የወደብ ከተማ፥ ውኃዋን የምታገኘው ከፑንግዌ ወንዝ እየተሳበና እየተጣራ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መሳቢያው ቆመ፤ ከተማይቱም በጎርፍ ተከባ ሳለች የሚጠጣ ውኃ አጣች። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በረዳው ሥራ፥ ከሳምንት በኋላ ውኃው ዳግመኛ መፍሰስ ጀመረ። ቢሆንም በዚያው ወር ኮሌራ ተነሥቶ ከ6,000 በላይ ሰው ታመመ።

እኛ በአምባሰል ለምንኖር የባሕር ዐውሎ ሩቅ ነው፤ የክረምት ጎርፍ ግን ቅርባችን ነው። ምንጩን በደለል ይደፍናል፥ ቧንቧውን ይነቅላል፥ ቦኖውንም ያደርቃል። ጥገናውም ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ጎርፉ እንዳይመለስ ከምንጩ በላይ ማፋሰሻ ቦይ ይቈፈራል። ቀጥሎ የተሰበረው ቧንቧ ይለወጣል፤ ማጠራቀሚያውም ተጠርጎ በክሎሪን ይታጠባል። ውኃው ለሕዝብ የሚለቀቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቸኩሎ የለቀቀ ሰው ከውኃው ጋር በሽታ ይለቃልና።

ስለዚህ የውኃ ሥራ በአደራ የተሰጠው ሰው፥ መለዋወጫ ቧንቧውንና ክሎሪኑን ሰኔ ሳይገባ በመጋዘኑ ይቍጠር። በግንቦት ያልተሰናዳ ዕቃ በሐምሌ ሲታጣ፥ የስንፍናውን ዋጋ የሚከፍሉት እንስራ ተሸክመው ወደ ደፈረሰው ወንዝ የሚወርዱ እናቶችና ልጆች ናቸው።