ወረብ፣ መንዙማና መድረክ፦ በሰሜን ወሎ የሃይማኖቶች የጋራ ጉባኤ ላይ የክዋኔ ጥበባት ቦታ

በወልድያም ሆነ በመርሳ የሃይማኖቶች የጋራ ጉባኤ ሲጠራ፣ ከመርሐ ግብሩ ላይ «ኪነ ጥበባዊ ዝግጅት» የምትል አንዲት መስመር አትጠፋም። በዚያች መስመር ሥር የደብሩ ሊቃውንት ወረብ፣ የደረሶች መንዙማና የባህል ቡድን እስክስታ ተራ በተራ ይሰለፋሉ። ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ ይጨበጨባል፤ ወደ ቀጣዩ ንግግር ይታለፋል። አዘጋጆቹ ይህን የሚያደርጉት በቅን ልብ ነው፤ ሁሉም እኩል እንዲታይ ይፈልጋሉ። እኔ ግን እኩልነቱ የተገኘው የሦስቱን ባሕርይ በመጨፍለቅ ነው ባይ ነኝ። በየጁ ምድር ዋናው የጥበብ ድንበር የሚያልፈው በክርስቲያንና በሙስሊም መካከል አይደለም፤ በጸሎትና በጨዋታ መካከል ነው። ድንበሩን ደብተራውም ሼሁም እኩል ያውቁታል፤ የማያውቀው መድረኩ ነው።

ወልድያ፣ መርሳና በዙሪያዋ ያለው የሀብሩ ወረዳ የጥንቱ የየጁ አካል ናቸው። ከዚህ የወጣው የትልቁ ራስ አሊ ቤት ከእስልምና ወደ ክርስትና ገብቶ፣ ከሙስሊም ዘመዶቹ ሳይቆራረጥ፣ እስከ 1845 ዓ.ም. የአይሻል ጦርነት ድረስ በጎንደር ነገሥታት ስም በእንደራሴነት አገር አስተዳድሯል። በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት መኖሩ ስለዚህ ለየጁ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ሃይማኖትን አጀንዳው ያደረገ መንግሥታዊ ስብሰባ በወሎ ታሪክ ሁልጊዜ የዋህ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጠሩት ጉባኤ የክርስቲያኖቹን የሃይማኖት ክርክር ከመቁረጡም በላይ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ግዳጅ ያስከተለ ነበር። ያንን ግዳጅ ተቃውመው ከተነሡት አንዱ ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር በመንዙማ ደራሲነታቸውም ይታወቃሉ። ዛሬ አዳራሽ ውስጥ መንዙማ የሚሰማ ሰው፣ ይህ ጥበብ የውዳሴ ብቻ ሳይሆን የአቤቱታና የእምቢታ ድምፅም እንደነበረ ቢያስብ መልካም ነው።

ሕዝቡ ራሱ ያበጀው አብሮ የመኖር ሥርዓት ግን ከቦሩ ሜዳው ፈጽሞ የተለየ ነው። በወሎ ሠርግ ወይም ተዝካር ሲደገስ ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን በግ ሙስሊም ያርደዋል፤ ወጡ በሌላ ድስት ይሠራል፤ በሌላ እጅ ይቀርባል። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። ዳሱ ግን አንድ ነው፤ ምርቃቱም አንድ ነው። እዚህ ውስጥ የተደባለቀ ሥጋ የለም፤ የተለያየ ሰውም የለም። ለክዋኔ ጥበባቱም ከዚህ የተሻለ አርአያ አላየሁም።

ወረቡን ከቅርብ እንየው። በማኅሌት አንድ ቃለ እግዚአብሔር ተነሥቶ ወዲያው ወደ ከበሮ አይሄድም። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ ይዘምሙታል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብተው በመረግድ ይጸናል፤ በጽፋት ይፋጠናል። ከበሮው በዝግታው ጊዜ መሬት ላይ ተቀምጦ ይመታል፤ ዜማው ሲግል በማንገቻው ይታነገትና መቺው ከነከበሮው ይራመዳል። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ መሆኑን የአቋቋም ተማሪ ገና ከጅምሩ ይማረዋል። መድረክ ላይ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው፣ የሚያስደስተው ክፍል ብቻ ነው። ቁሙና ዝማሜው ሲቀሩ ፍጥነቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ተመልካች አይኖርም፤ የሚያየው ነጭ የለበሱ ሰዎች ሲወዛወዙ ነው። ይህ ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ትልቅ በደል ነው። በዚሁ በሰሜን ወሎ፣ ላሊበላ ላይ፣ ታኅሣሥ 29 በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባል ከዓለቱ አፋፍ ላይ የቆሙት ካህናት እንደ መላእክት፣ ከታች ግቢው ውስጥ ያሉት እንደ እረኞች ሆነው ይቀባበላሉ። ከፍታውና ዝቅታው ራሱ የጸሎቱ ክፍል ነው። ያንን ወደ ጠፍጣፋ አዳራሽ ማውረድ የሚቻለው ግማሹን ትቶ ነው።

መንዙማም የራሱ ጊዜ አለው። መሪው በሐምድና በሰለዋት ይከፍታል፤ አዝማቹን ያወጣል፤ ተቀባዮቹ ይመልሱለታል። ቤቱ እየተደረደረ ሲሄድ ድቤው ይከተላል፤ ጭብጨባው ይጠብቃል፤ የተቀመጠው ሰው መወዛወዝ ይጀምራል። ቡናው ይፈላል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ በየመሐሉ ዱዓ ይደረጋል። በወዳጃም (በጋራ የዱዓ ሥርዓት) ሆነ በመውሊድ ሌሊቱ እንዲህ ይነጋል። መውሊድ በወሎ እንዲስፋፋ በማድረግ ስማቸው ከፍ ብሎ የሚነሣው የጀማ ንጉሡ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ናቸው። በየጁ ደግሞ የዳናው ሼህ አሕመድ ቢን አደም፣ ሕዝቡ ዳንዩል አወል የሚላቸው፣ በ1903 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላም ዳና የዚያራና የመንዙማ አምባ ሆና ቀርታለች። የወሎ ሼሆች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም ጽፈው ግጥሙን ለደረሶቻቸው አስተላልፈዋል። ጣሊያናዊው ምሁር ኤንሪኮ ቸሩሊ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ መዝሙሮች በ1926 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ግን ለብዙ ጊዜ ይህን ሀብት አልቆጠሩትም። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት በ19ኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ባተኮረው መጽሐፋቸው እነዚህን ሼሆች ወደ ታሪክ መሐል ባያመጧቸው ኖሮ ክፍተቱ ዛሬም በሰፋ ነበር።

አሁን ወደ ጭብጨባው እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይገለጣልና። በጽፋት ጊዜ ካህናቱ ያጨበጭባሉ። በመንዙማ ተቀባዮቹ ያጨበጭባሉ። በሁለቱም ዘንድ እጅ የጸሎቱ መሣሪያ ነው፤ ምቱን ይጠብቃል፤ ሰውን ከሰው ያያይዛል። በአዳራሽ ውስጥ ግን ጭብጨባ የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ከተመልካች ወደ ተጫዋች፣ እንደ ዋጋ ሆኖ ነው። ያን ጊዜ ሊቀ ጠበብቱም የመንዙማው መሪም ሳይፈልጉ ዘፋኝ ይሆናሉ። እልልታ ግን እንዲህ አያደርግም። ታቦት ሲወጣ የክርስቲያን እናት እልል ትላለች፤ በመውሊድም የሙስሊሟ እናት እልል ትላለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ባስቀመጠ ጉባኤ ላይ አጋፋሪው «እባካችሁ አታጨብጭቡ፤ እልል በሉ» ቢል ከብዙ ንግግር የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ይህ የአጭር ትርኢት ልማድ ከየት መጣ? በእኔ ግምት ከሃይማኖት ቤቶች ሳይሆን ከደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች የተወረሰ ነው። ደሴ ላይ የነበረው የላሊበላ ኪነት ቡድን እንደ ማሪቱ ለገሰ ያሉ ድምፆችን ለአገር ያበረከተ ታላቅ ቤት ነበር። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከወሎ አገሮች የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው፤ ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር መድረክ ላይ መውጣታቸው አላጎደላቸውም፤ እንዲያውም አገነናቸው። ማሲንቆና እስክስታ ተመልካች ይፈልጋሉ፤ ጨዋታ ናቸውና። ስሕተቱ ለእነርሱ የተሰፋውን ልብስ ለማኅሌቱና ለመንዙማው ማልበስ ላይ ነው።

ድንበሩ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው ማለቴ አይደለም። በነሐሴ ወር የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ የሚሉት የልጃገረዶች ጭፈራ ቀኑን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ አካሉ ግን የአደባባይ ደስታ ነው። እንዲህ ያለው ክዋኔ ለጋራ ጉባኤ ከሁሉ ይመቻል።

ከሁለቱም ወገን የሚነሣ ተቃውሞም አለ፤ ሊናቅም አይገባም። በሙስሊሙ ዘንድ ድቤውንና ዚያራውን ቢድዓ (በሃይማኖት ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር) ነው የሚሉ ወገኖች አሉ፤ በኦርቶዶክሱም ወረብ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ለምን ይታያል የሚሉ አሉ። የጉባኤ አዘጋጅ መንዙማን የሙስሊሞች ሁሉ ወኪል አድርጎ ሲያቀርብ ሳያውቀው በውስጥ ክርክራቸው ገብቶ ፈራጅ ይሆናል። በ2010 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ሥር ያሉ የአካባቢ ጉባኤያት ይህን ምርጫ ለየቤቱ ባለቤቶች መተው ይችላሉ፤ ምን እንደሚቀርብ ብቻ ሳይሆን ጨርሶ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚለውንም።

ለአቀራረቡ ከውጭ የሚጠቀስ ምሳሌም አለ። በሞሮኮ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የፌዝ የዓለም መንፈሳዊ ሙዚቃ በዓል ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት ቁስል በኋላ የተወለደ ነው። ወልድያና መርሳም ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ወራት ውስጥ አልፈው ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላይ ነው የወጡት፤ ከዚያ በኋላ የተጠሩ የሰላም ጉባኤያት ሁሉ ይህን ሐዘን ተሸክመው ነው የተቀመጡት። ከፌዝ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ለአንድ ትውፊት አንድ ሙሉ ምሽት መስጠት። ሀብሩ ላይ ቢሆን ክርስቲያኑ እንግዳ ሆኖ በመንዙማው ሌሊት ጥግ ይቀመጣል፣ ቡናውን ይጠጣል፤ ሙስሊሙ በወልድያ የጥምቀት ዋዜማ በዳር ቆሞ ወረቡን ከቁሙ እስከ ጽፋቱ ይሰማል። ማንም የማንንም ጸሎት አይጸልይም። ለአዳራሹ ንግግርና ማሲንቆ ይበቃዋል።

የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የባህልና የቋንቋ ተመራማሪዎችም በዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። የዳናን መንዙማ ከመክፈቻው ሰለዋት እስከ ንጋቱ ዱዓ፣ የአንድ ደብር ማኅሌትንም እንዲሁ ሳይቆርጡ ቢቀርጹ፣ ቅጂውንም ለሼሆቹና ለመሪጌቶቹ ቢያስረክቡ፣ የሚቀጥለው ጉባኤ አዘጋጅ ስንት ደቂቃ ሊሰጥ እንደሚገባ ከመገመት ይልቅ ሰምቶ ይወስናል።