ስክሪኑ አልሞተም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ የጣርማበርን ዋሻ የተሻገረ ተሳፋሪ ሹራቡን ማውለቅ የሚጀምረው ደብረ ሲና ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቆላ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ስልኩን ከመኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ያስቀመጠ ሹፌር አንዳንዴ የሚገጥመው ነገር አለ። ስክሪኑ ይጠቁራል። ስልኩ ይጠራል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ምስል ግን የለም። የመጀመሪያው ቃል "ሞተ" ነው። ሁለተኛው "ስንት ያስወጣኝ ይሆን?"

ብዙ ጊዜ አልሞተም። ይህ ያልሞተን ነገር ሞተ ብሎ የመቅበር ልማድ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ታሪኩ የሚያልፈው ደግሞ ማንም ቁም ነገር ብሎ በማያነሳው ዕቃ በኩል ነው፤ በልጆች የእጅ ጌም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ እ.ኤ.አ 1888 መመለስ ያስፈልጋል። ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ፕራግ ውስጥ ከካሮት ባገኘው ንጥረ ነገር ላይ ሲሠራ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። ንጥረ ነገሩ በ145 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ደፍራሽ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ በድንገት ጠራ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ቀለጠ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ደፍራሽ ነገር ዛሬ ፈሳሽ ክሪስታል የምንለው ነው። እንደ ፈሳሽ ይፈሳል፣ እንደ ጠጣር ግን ቅንጣቶቹ ተሰልፈው ይቆማሉ። በስክሪን ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፈውም የሚከለክለውም ይህ ሰልፍ ነው። ሙቀት ሲበዛ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። ሲቀዘቅዝ ሰልፉ ተመልሶ ይያዛል። የሹፌሩ ስልክ የታመመው ራይኒትዘር ያየውን ነው።

ይህን ፈሳሽ ወደ ልጆች እጅ ያመጣው ሰው ሥራውን የጀመረው በጥገና ነው። ጉንፔ ዮኮይ ኪዮቶ ውስጥ ከዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሮኒክስ ተመርቆ እ.ኤ.አ በ1965 ኒንቴንዶ ሲቀጠር፣ ድርጅቱ የመጫወቻ ካርታ አምራች ነበር፤ የእሱም ሥራ የካርታ ማምረቻ ማሽኖችን መጠገን። በኋላ በባቡር ሲሄድ አንድ ሠራተኛ ጊዜ ለመግደል የሂሳብ ማሽኑን ቁልፎች ሲነካካ አይቶ ሐሳብ መጣለት ይባላል። ከዚያ እ.ኤ.አ በ1980 "ጌም ኤንድ ዎች" የተባለው በኪስ የሚያዝ ጨዋታ ወጣ። ስክሪኑ የሂሳብ ማሽን ስክሪን ነው። ያኔ የሂሳብ ማሽን አምራቾች እርስ በርስ ተፎካክረው ያንን ስክሪን ርካሽ አድርገውት ነበርና።

ዮኮይ ለዚህ አሠራሩ ስም ነበረው። በጃፓንኛ የተጠቀመው ቃል "የደረቀ" ወይም "የጠወለገ" እንደ ማለት ነው፤ የጠወለገን ቴክኖሎጂ ወደ ጎን ማሰብ። አዲስ የወጣውን ከማሳደድ ይልቅ ያረጀውን፣ የረከሰውን፣ ጠባዩ የታወቀውን ወስዶ ማንም ላላሰበው ነገር ማዋል። እኛ አገር ይህን የሚያደርግ ሰው ሞልቷል፤ ከጎማ ጫማ፣ ከቆርቆሮ ኩራዝ የሚሠራው ሁሉ ዮኮይን ሳያውቅ የዮኮይ ደቀ መዝሙር ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ ሰው ፍልስፍናው "ድህነት" ተብሎ ነው የሚጠራለት።

እ.ኤ.አ ሚያዝያ 1989 ጃፓን ውስጥ የወጣው ጌም ቦይ የዚህ አስተሳሰብ ትልቁ ፍሬ ነው። ስክሪኑ 160 በ144 ነጥቦች፣ አራት ደረጃ ያለው አረንጓዴ መሰል ግራጫ፣ የራሱ መብራት የሌለው። የመጀመሪያው ናሙና በትንሹ ከጎን ሲያዩት ምስሉ ይጠፋ ስለነበር ስክሪኑ በሌላ ዓይነት ተቀየረ፤ ያም ሆኖ ማንም ቆንጆ ነው አላለውም። በዚያው ዓመት አታሪ ባለ ቀለም ስክሪን ያለው ሊንክስን፣ በቀጣዩ ዓመት ሴጋ ጌም ጊርን አወጡ። የሁለቱም ስክሪን በቀለምና በመብራት ጌም ቦይን ያስንቃል። ግን ስድስት ስድስት ባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሱ ነበር። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከ15 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ድንጋይ የሚገዛው ወላጅ ነው፣ ወላጅም ፈረደ። ጌም ቦይና ተከታዩ ባለ ቀለሙ ሞዴል በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ።

አሁን ወደ በሽታው። ዕድሜው 30 ያለፈ ጌም ቦይ ሲበራ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ባዶ መስመሮች ይታያሉ። በአንድ ይጀምርና አሥር ይሆናል፣ በመጨረሻ ግማሹ ምስል የለም። ያየ ሁሉ መስታወቱ ተበላሸ ይላል። መስታወቱ ግን ደህና ነው፣ ፈሳሹም ደህና ነው። የተበላሸው ግንኙነቱ ነው። ከስክሪኑ ግርጌ ምልክት የሚያመጣው ስስ ሪቦን መስታወቱ ላይ የተያያዘው በብየዳ ሳይሆን በሙቀት በተጣበቀ፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ሙጫ ነው። ሙጫው ሲያረጅ ጥቂት ጥቂት ይላቀቃል፤ የተላቀቀው እያንዳንዱ ጫፍ አንድ መስመር ይዞ ይጠፋል።

መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ጠጋኙ ሽፋኑን ይፈታል፣ ሪቦኑ ላይ የተለጠፈውን ስስ ስፖንጅ ያነሳል፣ መበየጃውን ዝቅተኛ ሙቀት ላይ አድርጎ ጫፉን በሚሸፍን ነገር ጠቅልሎ የሪቦኑን ግርጌ ቀስ ብሎ ይዳብሰዋል። ይህን የሚያደርገው ጌሙ በርቶ እያለ ነው። ምክንያቱም መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ እያየ ነው የሚሄደው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰከንድ ቢያበዛ ሪቦኑ ይቃጠላል፤ ያኔ እውነትም ሞተ። ቢቸኩል ሙጫው አይይዝም። መለዋወጫ አያስፈልግም፣ ግዢ የለም። የሚያስፈልገው እጅ ነው።

ሌሎቹም የየራሳቸው በሽታ አላቸው። ጌም ጊር ሲደበዝዝና ድምፁ ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከስክሪኑ ሳይሆን ከውስጡ ካሉት ካፓሲተሮች ነው፤ ፈሳሻቸው ይፈስና ቦርዱን ይበላል። በ1990ዎቹ ከቻይና ወጥቶ ዓለምን ያጥለቀለቀው ቴትሪስ የሚያጫውተው ርካሽ ጌም ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። (ቴትሪስ ራሱ እ.ኤ.አ በ1984 ሞስኮ ውስጥ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሠራው ነው፤ የቻይናው ሣጥን ግን ለማንም ፈቃድ አልጠየቀም።) የዚህ ስክሪን ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአንዲት ስስ ላስቲክ ነው፤ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀባት ስለሆነ ጠጋኞች የሜዳ አህያ ይሏታል። ጥቁሩ ያስተላልፋል፣ ነጩ ይከለክላል። አቧራ ሲገባባት ወይም ብሎኑ ሲላላ ግማሹ ስክሪን ይጠፋል። በአልኮል ጠርጎ ብሎኑን እኩል ማጥበቅ ነው፣ አለቀ። የሂሳብ ማሽንም እንደዚሁ ይጠገናል።

ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ግን የመጀመሪያው የእጅ ጌም ጌም ቦይ አይደለም፤ የኖኪያ እባብ ነው። የሞባይል አገልግሎት አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም ነው፤ ክፍለ አገር ሲደርስ ቀፎው ቀድሞ የሚታወቀው በእባቡና በእጅ ባትሪው ነበር። የኖኪያ 3310 ስክሪን 84 በ48 ነጥብ ብቻ ነው፣ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘውም ሳይበየድ ተጭኖ ነው። ሽፋኑ በእጅ ይወልቃል፣ ከዚያ በኋላ ካቻቢቴ በቂ ነው። ዛሬ በየከተማው አስፋልት ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ ወይም ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ሞባይል የሚጠግነው ትውልድ እጁን ያፍታታው በእንደነዚህ ዓይነት ቀፎዎች ነው። ዩኒቨርሲቲ አላስተማረውም። ዕቃው ራሱ ስለሚፈታ አስተማረው።

ይፋት ላይ ይህ ቁም ነገር ነው። ይህ ቆላ ከዕቃ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ ይፋትን ሲያቋቁም አቅሙ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመንም አልዩ አምባ የሸዋ ትልቁ ገበያ ነበረች። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ በ1841 ከመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሃሪስ ጠመንጃ ተቀብለዋል፤ ከውጭ ሰዎች ይፈልጉ የነበረው ግን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የእጅ ባለሙያም ጭምር ነው። ጠመንጃ ይመጣል፣ ሲበላሽ የሚያድነው እጅ ከሌለ ዱላ ነው። ከዚህ ጋር ደግሞ እዚያው አገር ውስጥ የነበረውን ባለ እጅ "ቀጥቃጭ" እያለ የሚሰድብ ኅብረተሰብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ለማውጣት የተገደዱት በከንቱ አይደለም። ስድቡ ዛሬ መልኩን ቀይሯል። "ሞባይል ጠጋኝ" ሲባል በድምፁ ውስጥ "ሌላ ሥራ ያላገኘ" የሚል ነገር አለ።

የዛሬው ችግር ግን ስድብ ብቻ አይደለም። የዛሬ ስልክ መስታወቱ፣ የሚነካው ክፍልና ምስል የሚያወጣው ክፍል በሙጫ አንድ ላይ ተለጥፈው አንድ አካል ሆነዋል። አንዱ ሲሰነጠቅ ሦስቱም ይጣላሉ። ጠጋኙ ጠጋኝ መሆኑ ቀርቶ ቀያሪ ሆነ። ስልክ አገር ውስጥ ቢገጣጠምም ስክሪኑ የሚመጣው ከውጭ፣ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የስክሪኑ ዋጋ አብሮ ወጣ፤ የይፋት ገበሬ የሽንኩርትና የማሾ ዋጋ ግን ዶላርን ተከትሎ አይወጣም። ስለ ምንዛሪ ፖሊሲ ሲከራከሩ የሚያመሹ ሰዎች ስለዚህች ቀጭን መስታወት አንድ ቃል አይተነፍሱም፤ የገጠሩ ሰው ባንኩም፣ ገበያውም፣ ልጁም ያለው በእሷ ውስጥ ሆኖ ሳለ።

የሚገርመው አሮጌዎቹ ጌሞች ላይም ያው ነገር እየደረሰ ነው። አሁን ቻይና የሚሠሩ፣ ደማቅና ባለ መብራት የሆኑ አዲስ ስክሪኖች ለጌም ቦይ ይሸጣሉ። በመበየጃ ሊድን የሚችለው የ1989 ስክሪን ወጥቶ ይጣላል፣ ሰውየውም "ጠገንኩት" ይላል። ምስሉ ያምራል፤ ያ ግን ጥገና አይደለም።

በኒንቴንዶ የኒውዮርክ ሱቅ ለዓመታት ለእይታ የቆመ አንድ ጌም ቦይ ነበር። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የወታደሮች ሰፈር በቦምብ ሲመታ የተቃጠለ ነው፤ ፊቱ ጠቁሮ ቀልጧል፣ ቴትሪስ ግን ያጫውት ነበር። ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 ዓ.ም በጦርነት እጅ ገብታ የወጣች ከተማ ናት፤ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። መስመር በሌለበት ጊዜ ስማርት ስልክ ከ3310 የሚለየው በስክሪኑ ስፋት ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የተሰበረ ስክሪን የቆየ ፎቶ፣ የተመዘገበ ስልክ ቁጥርና የቀረ ማስረጃ ሁሉ የተቆለፈበት በር ነው። ከመኪና የሚመጣ መለዋወጫ በሌለበት መንገድ ተዘግቶ ሳለ፣ ያለውን መልሶ የሚያገናኝ እጅ ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚያውቀው ያየ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ ጀምሮ ስልክ አምራቾች መለዋወጫ ለዓመታት እንዲያቀርቡ፣ የጥገና መረጃ ለጠጋኞች እንዲሰጡ አስገድዷል። ወደ እኛ ገበያ የሚገባው ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው እስካሁን ጎልቶ አልተሰማም። ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አስመጪው ስክሪኑን ለብቻው ያምጣ፣ የሚፈታበትን መንገድ ያሳይ ማለት ብቻ ነው።

እስከዚያው ግን ከጣርማበር ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባው ሹፌር፣ ስክሪኑ ከጠቆረ፣ ስልኩን አጥፍቶ ጥላ ሥር ያስቀምጠውና ቡናውን ይጠጣ። ማቀዝቀዣ ውስጥ አይክተተው፤ እርጥበት ይገባበታል። ሲቀዘቅዝ ምስሉ ከተመለሰ ለማንም አይክፈል። ጥቁሩ ነጥብ አንድ ቦታ ላይ ቀርቶ አልለቅ ካለ ግን ሙቀቱ በስክሪኑ ላይ ያለውን ብርሃን የሚያጣራ ስስ ፊልም ጎድቶታል፤ ያ በራሱ አይመለስም። በጌም ቦይ ላይ ፊልሙ ተልጦ በአዲስ ይለጠፋል። በእሱ ስልክ ላይ ግን ከሦስቱ ጋር ተጣብቋል።