በሌሊት የወጣው መርከበኛ

የባለቤቴ ቅድመ አያት ፓስፖርት አልነበረውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የትውልድ ፍለጋችን ሁሉ ቁልፍ ይኸው ስለሆነ ነው። ከሊዝበን ወደ ምዕራብ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል፣ አዞርስ የሚባሉ ዘጠኝ የፖርቱጋል ደሴቶች አሉ። ሰውዬው ከእነዚህ አንዷ ከሆነችው ከፒኮ በ1860ዎቹ ወጣ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ የያዘው ወሬ አጭር ነው። በሌሊት በጀልባ ወጥቶ የአሜሪካ መርከብ ላይ ተሳፈረ፣ ዓሣ ነባሪ አደነ፣ ኒው ቤድፎርድ ገባ፣ እዚያው አግብቶ ወልዶ ሞተ። ሲመጣ ፔሬይራ ይባል ነበር፤ ልጆቹ ፔሪ ተባሉ። ከእርሱ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው አልነበረም።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። አባቴ ፈረንጅ ላገባ መሆኔን ሲሰማ ስለ ሀብቱም ስለ ሥራውም አልጠየቀኝም። «የማን ልጅ ነው? እስከ ስንት ቤት ይቆጥራል?» ነበር ያለኝ። በእኛ አገር ሰባት ቤት መቁጠር ለጋብቻ የሚፈለግ ነገር ነው፤ የባለቤቴ ቆጠራ ግን ሦስት ቤት ብሎ ባሕር ላይ ያልቃል። ልጆች ከተወለዱ በኋላ ጥያቄው የአባቴ መሆኑ ቀርቶ የእኔ ሆነ።

ኒው ቤድፎርድ በማሳቹሴትስ ግዛት ያለች የወደብ ከተማ ናት። ላምባ ከመስፋፋቱ በፊት ሀብታም ከተሞች የሚያበሩት በዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር፤ የፋብሪካ ማሽንም የሚለሰልሰው በእርሱ ነው። ከተማዋ በዚህ ንግድ በልጽጋ በ1857 የዓሣ ነባሪ ማደኛ መርከቦቿ 329 ደርሰው ነበር። ጉዞው ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። አዳኙ ስድስት ሆኖ በቀጭን ጀልባ ወደ እንስሳው ይቀዝፋል፤ ጦሩ ከተሰካ በኋላ እንስሳው እስኪደክም ጀልባዋን ይጎትታል። ስቡ የሚቀልጠው እዚያው መርከቡ ላይ፣ በጡብ ምድጃ በተቀመጡ ትልልቅ የብረት ጋኖች ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ክፍያው ድርሻ ነው። ካፒቴኑ ከትርፉ ከአሥራ ምናምን አንዱን ሲወስድ ጀማሪው መርከበኛ ከ175 አንድ፣ አንዳንዴም ከ200 አንድ ይደርሰዋል። ከዚያችም ላይ በጉዞው በዱቤ የወሰደው ልብስና ትምባሆ ይቀነሳል። ከዓመታት ድካም በኋላ ባዶ እጁን፣ ሲብስም ባለዕዳ ሆኖ የሚወርደው ብዙ ነበር።

አሜሪካውያኑ እንዲህ ያለውን ሥራ እየሸሹ ሲሄዱ መርከቦቹ ሠራተኛ ሳይሟላላቸው ይነሡ ጀመር። የሚሟሉት አዞርስ ላይ ነው። ፋያል ደሴት ሆርታ ወደብ ቆመው ውኃ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ወጣት ይጭናሉ። በሆርታ የአሜሪካ ቆንስልነት ከ1806 እስከ 1892 ከዳብኒ ቤተሰብ እጅ አልወጣም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላልፏል። ለመርከቦቹ ስንቅ የሚያቀርበውም ይኸው ቤተሰብ ነበር። ራሱ በ1841 በዓሣ ነባሪ መርከብ የተሳፈረው ደራሲ ሔርማን ሜልቪልም «ሞቢ ዲክ» በተባለው መጽሐፉ የአዞርስን ሰዎች ሳያነሣ አላለፈም።

ፒኮና ፋያል ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ መካከላቸው ያለው ባሕር ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፒኮ የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት፤ ተራራዋ 2,351 ሜትር ሆኖ በፖርቱጋል ግዛት አንደኛ ነው። ገበሬው ጥቁሩን ድንጋይ ለቅሞ ካብ ይሠራል፤ በካቡ ከለላ ሥር ወይን ይተክላል። ይህ የድንጋይ ካብ አገር በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ግን ኦይዲየም የሚባል የሻጋታ በሽታ ወይኑን ጨረሰው። ወይን ካልሰጠ ድንጋዩ ምን ይሰጣል? በላዩ ደግሞ የንጉሡ ጦር ነበረ። ለውትድርና የደረሰ ልጅ መያዣ ገንዘብ ካላስያዘ ፓስፖርት አይሰጠውም፤ የወይን ገበሬ ልጅ ያን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ በሌሊት፣ በዘመድ ጀልባ፣ ባሕሩ ላይ ወደሚጠብቅ መርከብ ይወጣል። ሕጉ ይህን ወንጀል ቢለውም እናቶች ስንቅ ቋጥረው ይሸኙ ነበር። በእኔ ፍርድ ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም።

እንዲህ የወጣን ሰው ፓስፖርት መዝገብ ውስጥ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ከዚያ የባሰው ወጥመድ የመርከቡ ዝርዝር ነው። የኒው ቤድፎርድ የመርከበኞች ዝርዝር በከተማው ቤተ መጻሕፍትና በዓሣ ነባሪ ሙዚየሙ በኩል ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የቆዳና የፀጉር መልክ ይዟል። ዝርዝሩ የሚጻፈው ግን መርከቡ ከአሜሪካ ሲነሣ ነው። ሆርታ ላይ የተሳፈረ ልጅ በመጀመሪያ ጉዞው ስሙ እዚያ አይገኝም። የሚገኘው በሁለተኛው ጉዞ፣ ከኒው ቤድፎርድ ራሷ ሲነሣ ነው። በ1900 የተካሄደው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ አገሩ የገባበትን ዓመት ስለሚጠይቅ እርሱን መነሻ አድርገን ከዚያ በኋላ ያሉትን ዝርዝሮች አገላበጥን። አንድ ፔሪ ተገኘ፤ ዕድሜው የሚስማማ፣ አጭር፣ መልኩ «ጠይም»። የትውልድ ቦታው «የምዕራብ ደሴቶች» ይላል፤ አሜሪካውያን መርከበኞች አዞርስን የሚጠሩበት ስም ነው።

«ጠይም» የሚለው ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። በዚያን ዘመን ፖርቱጋላዊ ከሚባሉት መርከበኞች ብዙዎቹ የኬፕ ቨርዴ ሰዎች፣ በተለይም የብራቫ ደሴት ልጆች ነበሩ፤ ኬፕ ቨርዴ በ1975 ነፃ እስክትወጣ የፖርቱጋል ግዛት ነበረች። ሰውዬው አፍሪካዊ ሆኖ ቢገኝ ለእኔ ደስታ ነበር፣ አልደብቅም። ጸሐፊዎቹ ግን ፀሐይ ያጠቆረውን ሁሉ ጠይም ይሉ ስለነበር በአንድ ቃል መፍረድ አይቻልም። የዜግነት ማመልከቻው ደግሞ የፋያል ተወላጅ ነው ይላል። የፋያልን መዛግብት ፈተሽን፤ የለም። ነገሩ የተለመደ ነው። ሆርታ የተሳፈረ ሁሉ፣ ከየትም ደሴት ይምጣ፣ አሜሪካ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የፋያል ሰው ተብሎ ይጻፋል።

ቋጠሮውን የፈታው ቤተ ክርስቲያን ነው። ኒው ቤድፎርድ ውስጥ በ1871 የተቋቋመው የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ አጥቢያ በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የፖርቱጋሎች ደብር ነበር። ሰውዬው ያገባው እዚያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ጸሐፊ «የት ተወለድክ?» ብሎ «ፋያል» ሲባል ጽፎ አልፏል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ግን የአባቴን ጥያቄ ጠየቀ፤ የማን ልጅ ነህ? ክርስትና የተነሣኸው የት ነው? የአባቱን ስም፣ የእናቱን ስም፣ በፒኮ ደሴት ላዥስ አካባቢ ያለውን አጥቢያ ጻፈ። ያን ገጽ ሳይ ለማላውቀው ለዚያ ቄስ ጸለይሁ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀና። የአዞርስ የአጥቢያ መዛግብት በደሴቶቹ መንግሥት ቤተ መዛግብት ተጠብቀዋል፤ ምስላቸውም ቤት ሆኖ ለሚፈልግ ተለቋል። አጻጻፉ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ሕፃኑ ሲጠመቅ የሚሰጠው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚጨምረው ካደገ በኋላ ነው፣ ወንድማማቾችም የተለያየ ሊይዙ ይችላሉ። ሴቶቹ «የኢየሱስ»፣ «የመንፈስ ቅዱስ» የመሰለ የጸሎት ስም ይይዛሉ። ስለዚህ ፔሬይራ ብሎ የሚፈልግ ሰው መንገድ ይስታል፤ መፈለግ ያለበት የአባትና የእናትን ስም አጣምሮ ነው። አገኘነው። ከወላጆቹ አልፎ አያቶቹ በአባትም በእናትም በኩል ተጽፈዋል፤ የክርስትና አባቱም አለ። ወደ ኋላ ስንሄድ የጋብቻ መዝገቡ ሌላ ትውልድ፣ የዚያም የጥምቀት መዝገብ ሌላ ትውልድ ሰጠን። በየዓመቱ በዓቢይ ጾም ንስሐ የሚገቡትን የየቤቱን ሰዎች የሚመዘግብ ዝርዝርም ነበራቸው፤ አጥቢያው ማን ቀረ ማን ሄደ የሚለውን የሚያውቀው በእርሱ ነው።

የእናቱን የሞት መዝገብ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጆች ትታ እንደሞተች ይናገራል፤ ማዶ የቀረው ልጅ ከቁጥሩ ይግባ አይግባ አይናገርም። በደሴቶቹ ባሎቻቸው አሜሪካ የቀሩባቸው ሴቶች «በሕይወት ያሉ ሰዎች መበለቶች» ይባሉ ነበር። ስለ መርከበኞቹ ብዙ ተጽፏል፤ መሬቱን አርሰው፣ ልጅ አሳድገው፣ ደብዳቤ ጠብቀው ስላለፉት ስለ እነዚህ ሴቶች ግን የሚበቃውን ያህል አልተጻፈም።

ሰባቱ ቤት ሞላ። ለአባቴ ስልክ ደውዬ አንድ በአንድ ቆጠርሁለት፤ ስሞቹ ሁሉ የቅዱሳን ስሞች በመሆናቸው ደስ አለው።

ይህን የምጽፈው ግን ለፔሪ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ከእኛም አገር ሰው በሌሊት ይወጣል። ወደ ዓረብ አገር ስሟን ለውጣ፣ ዕድሜዋን ጨምራ የሄደች እህት አለች፤ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ያለ ምንም ወረቀት የተሻገረ ወንድም አለ። አሜሪካ የገባነውም የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፎልን፣ የእናታችን ስም ከነአካቴው ቀርቶ እንኖራለን። መቶ ዓመት ቆይቶ የሚፈልገን ልጅ የሚያገኘው ይህን ወረቀት ነው። እባካችሁ አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ደውሉና ጠይቁ። የእናታችሁን፣ የእናታችሁን እናት ስም፣ የክርስትና ስማችሁን፣ የተነሣችሁበትን ደብር ወይም ያደጋችሁበትን መስጊድ፣ ቀበሌውንና ወንዙን ጭምር ጻፉ። ልጆቻችሁ በሚያነቡት ቋንቋም ደግማችሁ ጻፉትና ከልደት ወረቀታቸው ጋር አንድ ላይ አኑሩት።