የዘገየው ምስክርነት፦ እስርና ስደት በአማርኛ ግለ ታሪክ

ግለ ታሪክ፣ ማለትም ጸሐፊው የራሱን ሕይወት በራሱ አንደበት የሚተርክበት የድርሰት ዓይነት፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከልብ ወለድም ከታሪክ መጽሐፍም ዘግይቶ የተስፋፋ ሲሆን፣ በተለይ እስርን፣ ስደትንና የወገን ዕልቂትን የሚተርከው ክፍሉ መከራው ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ለኅትመት እስኪበቃ ድረስ ብዙውን ጊዜ ሠላሳና ዐርባ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወስዷል። የመዘግየቱ ምክንያት የትዝታ ማነስ እንዳልነበረ ከመጻሕፍቱ ታሪክ መረዳት ይቻላል፤ ተጽፈው ካለቁ በኋላ በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ለአንድ ትውልድ ያህል የቆዩ ጥራዞች አሉና። ጽሑፉን ካዘገዩት ነገሮች መካከል ሳንሱር፣ ማለትም መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የሚደረገው የመንግሥት ምርመራ፣ እንዲሁም በመጽሐፉ ውስጥ ስማቸው የሚነሣ ሰዎች በሕይወትና በሥልጣን ላይ መኖራቸው የታወቁ ናቸው፤ ከሁለቱም ይልቅ ሥር የሰደደው ግን ስለ ራስ ሕመም በአደባባይ መናገርን እንደ ነውር የሚቆጥረው አስተዳደግ ይመስላል።

ይህ ልማድ በቀደመው የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥም ጎልቶ ይታያል። ገድል፣ ማለትም የቅዱሳንን ተጋድሎና መከራ የሚተርከው መጽሐፍ፣ ስለ ረኃብ፣ ስለ ግርፋትና ስለ ስደት እጅግ ዝርዝር የሆነ ነገር የሚናገር ቢሆንም፣ ጻድቁ ስለ ራሱ አይጽፍም፤ የሚጽፈው ደቀ መዝሙሩ ወይም ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሣ የገዳሙ መነኩሴ ነው። ዜና መዋዕልም የንጉሡን ውሎ በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ የሚመዘግብ በመሆኑ፣ መከራን በ«እኔ» የሚናገር ድምፅ በሁለቱም ዘንድ ቦታ አላገኘም። ለዚህ እንደ ብርቅ የሚጠቀሰው የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ሲሆን፣ ተራኪው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ተከሰሰበት ነገር፣ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ስለ ሸሸበትና በዋሻ ስለ ኖረበት ዘመን ራሱ ይናገራል። ይሁን እንጂ ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የመጽሐፉ ደራሲ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በኢትዮጵያ የኖረው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ከተከራከረ ወዲህ ጉዳዩ በሊቃውንት መካከል እልባት ስላላገኘ፣ የአማርኛን ግለ ታሪክ ከሐተታ እንዲወለድ ማድረግ ጥንቃቄ የጎደለው ነገር ነው። ደግሞስ አንድ መጽሐፍ፣ ያውም በዘመኑ ጥቂቶች ብቻ ያነበቡት፣ ልማድ አይመሠርትም።

በመከራ ያለፉ ኢትዮጵያውያን በብዛት ስለ ራሳቸው የተናገሩበት ዘመን የኢጣሊያ ወረራና እርሱን ተከትሎ የመጣው ነፃነት ነው፤ የተናገሩበት መልክ ግን የድርሰት መልክ አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የጦር ወንጀለኞችን ለመክሰስ ማስረጃ ሲያሰባስብ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተጀመረውን የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ያዩና በሶማሊያ በነበረው የዳናኔ ማጎሪያ የታሰሩ ሰዎች በመሐላ ቃላቸውን ሰጡ። የመሐላ ቃል ማለት ተናጋሪው ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደሚጠየቅ ዐውቆ የሚፈርምበት የጽሑፍ ምስክርነት ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል በኋላ በእንግሊዝኛ ታትመው ለዓለም የቀረቡ አሉ። በዳናኔ ከሦስት ዓመት በላይ የታሰሩት ሚካኤል ተሰማ በሰጡት ቃል ወደ ማጎሪያው ከገቡት 6,500 ሰዎች መካከል 3,175 ያህሉ እንደ ሞቱ መስክረዋል፤ ምግቡ ምን እንደ ነበረ፣ ውኃው ምን እንደ ነበረ፣ ሕክምናው ምን እንደ ነበረ በተራ ይገልጻሉ። ተናጋሪው ራሱ ምን እንደ ተሰማው የሚጠይቅ ግን የለም፤ የሕግ ጽሑፍ ይህን አይፈልግምና። ቁጥር፣ ቀን፣ የባለሥልጣን ስምና የቦታ ስም እየደረደረ ስሜትን ወደ ጎን የሚያደርገው ይህ አጻጻፍ ከፍርድ ቤት ወጥቶ በኋላ በታተሙት ግለ ታሪኮች ውስጥ ሥር መስደዱ፣ አንባቢ አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ሳይሆን የክስ መዝገብ የሚያነብ እስኪመስለው ድረስ ያደረሰ ነገር ነው።

ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ ወደ ኢጣሊያ የተጋዙት መኳንንትና የተማሩ ወጣቶች ታሪክ ደግሞ ሌላ ጎን ያሳያል። በአዚናራ ደሴት ከታሰሩት አንዷ የነበሩት፣ ኋላም የፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት አባል የሆኑት ስንዱ ገብሩ፣ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለ ሥራቸውን በ1942 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የመረጡት የተውኔትንና የግጥምን መንገድ ነበር፤ ይህም ልብን ለመግለጥ የሚያስችል፣ ነገር ግን ተናጋሪዋን በገጸ ባሕርይ ጀርባ የሚከልል መንገድ ነው። ለዘመኑ ሴት ደራሲ በቀጥታ «እንዲህ ሆንኩ» ማለት ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመገመት፣ ወንዶቹ እንኳ ይህን ለማለት የፈጀባቸውን ጊዜ ማየት ይበቃል።

ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ለጠላት እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በፖንዛ ደሴት ታስረው እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ ኖረዋል። ስለ ሕይወታቸው የጻፉት «ካየሁት ከማስታውሰው» የተሰኘው መጽሐፍ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው እርሳቸው በ1972 ዓ.ም. ካረፉ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ2002 ዓ.ም. ነው። አብረዋቸው የዘመቱትና አብረዋቸው የተማረኩት ሐዲስ ዓለማየሁም ከግዞት ተመልሰው በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ሲያገለግሉ፣ ታላቁን ልብ ወለዳቸውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፣ ስለ ጦርነቱና ስለ እስሩ የሚናገረውን «ትዝታ»ን ለአንባቢ ያቀረቡት በ1985 ዓ.ም.፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነበር። እንዲህ ያለ የቋንቋ ጌታ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የራሱን ምርኮ ሳያሳትም መቆየቱ የችሎታ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ሽንፈትን የሚተርክ መጽሐፍ የጦር አዛዦችን፣ የባላባቶችን ክህደትና የንጉሠ ነገሥቱን ከአገር መውጣት ሳይነካ ሊያልፍ አይችልም፤ ጸሐፊው ደግሞ የዚያው መንግሥት ባለሥልጣን ነው። በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ ተራኪው ስለ ራሱ ሥቃይ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ጓዶቹ ሞት የሚናገረው ይበልጣል፤ ትሕትናው ግን የምስክርነቱን ክብደት ይጨምርለታል እንጂ አያቀልለውም።

ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም ቢሆኑ ከዚህ መዘግየት አላመለጡም። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ የተዘጋጀው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያው ክፍል የታተመው በ1965 ዓ.ም.፣ ዙፋናቸውን ከማጣታቸው በፊት በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት ነው። በዘመኑ የተለየ መንገድ የተከተለው ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ ሲሆን፣ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትውስታ በመቅረጸ ድምፅ ቀድቶ «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል በ1959 ዓ.ም. አሳትሟል። የቆሎ ተማሪነትን ችግር፣ የመምህራንን ጠባይና የዘመኑን ክፉና ደግ የሚተርኩት አለቃ ንግግራቸው ከነለዛው ስለ ተጠበቀ፣ መጽሐፉ ከብዙዎቹ የመኳንንት ማስታወሻዎች ይልቅ ሕያው ሆኖ ይነበባል። ብዕር ሲይዝ የሚደነድነው ሰው በቃል ሲያወጋ እንደሚለሰልስ ይህ ሥራ ያሳየ ቢሆንም፣ አርአያነቱን የተከተሉት ጥቂቶች ናቸው።

ከንጉሠ ነገሥቱ በኋላ አገሪቱን የገዛው የወታደራዊው መንግሥት፣ የደርግ፣ ዘመን መከራውንም ጸሐፊውንም አበዛ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ ተቃዋሚዎቹን ለማጥፋት ባካሄደው ቀይ ሽብር የተያዙት ወጣቶች አብዛኞቹ የኮሌጅና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ስለዚህም መጻፍና ማንበብ የሕይወታቸው ክፍል የነበረላቸው ናቸው። በአዲስ አበባ ከርቸሌ ግቢ ውስጥ በነበረው፣ ስሙ ስለ ሁኔታው በቂ መግለጫ በሆነው ዓለም በቃኝ፣ እንዲሁም ምርመራ ይካሄድበት በነበረው ማዕከላዊ ውስጥ ወረቀትና ብዕር መያዝ በራሱ ወንጀል የሆነበት ጊዜ ነበር። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በእስር ላይ ሳሉ የማርጋሬት ሚቼልን ዝነኛ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የተረጎሙት የሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ብጣሽ ወረቀት ላይ እየጻፉ ሲሆን፣ ብጣሾቹ በጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤት በድብቅ ወጥተው፣ ከተሰበሰቡ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ለኅትመት በቅተዋል። ትርጉም ግለ ታሪክ ባይሆንም ይህ ታሪክ ስለ እስረኛ ጽሑፍ ሁለት ነገር ያስረዳል፤ አንደኛው ወረቀቱን ጠብቆ የሚያወጣ፣ የሚቀበልና የሚደብቅ የሰዎች ሰንሰለት ከሌለ መጽሐፍ እንደማይኖር ሲሆን፣ ሁለተኛው የሌላ አገር ሰው ሥቃይ መተርጎም የራስን ከመጻፍ ያነሰ አደጋ እንደ ነበረው ነው። የብሔራዊ ባንክ ገዥ የነበሩት ተፈራ ደግፌ የእስር ማስታወሻቸውን ለአንባቢ ያደረሱትም ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነው።

ቅድመ ምርመራን ያስቀረው የፕሬስ ነፃነት ዐዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ የትዝታ መጻሕፍት በየመደብሩ መታየት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ በአብዛኛው የፖለቲካ ድርጅት መጻሕፍት ናቸው። ደርግን በተቃወመው የግራ ድርጅት በኢሕአፓ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩት ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»ን፣ በተቀናቃኙ ድርጅት በመኢሶን በኩል የነበሩት አንዳርጋቸው አሰግድ «ባጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»ን ሲያቀርቡ፣ ትኩረታቸው መስመሩ ትክክል ነበር አልነበረም፣ ተኩሱን ማን ጀመረው በሚለው ክርክር ላይ ነበር፤ የሞቱት ሰዎች በዝርዝር ስማቸው ይጠራል፣ ነገር ግን በብዙ ገጽ ላይ ከስምና ከሞቱበት ቀን ያለፈ ነገር አይነገርላቸውም። ይህን ያህል ሞት የደረሰበት ትውልድ በቅድሚያ ስለ ጥፋተኛው መከራከሩ የሚያስገርም አይደለም። ይሁንና ከዚህ አጥር የወጣ መጽሐፍ ለማየት አንባቢው እስከ 2004 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት፤ በዚያ ዓመት ሕይወት ተፈራ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ በኋላም በአማርኛ «ማማ በሰማይ» ተብሎ የወጣውን መጽሐፋቸውን አቀረቡ። ከስምንት ዓመት በላይ የታሰሩት ደራሲዋ የደርግን ጭካኔ ሲተርኩ፣ የሚወዱት ሰው፣ የኢሕአፓ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል የነበረው ጌታቸው ማሩ፣ በገዛ ድርጅቱ እጅ መገደሉንም አልሸሸጉም። ፍቅርን፣ ጥርጣሬን፣ የእስር ቤት ጓደኝነትንና የራስን የዋህነት በአንድ መጽሐፍ ማስተናገድ እስከዚያ ድረስ ለአማርኛ ልብ ወለድ የተተወ ሥራ ነበርና፣ በግለ ታሪክ ታሪክ ውስጥ ይህ መጽሐፍ የያዘው ቦታ ትልቅ ነው።

አስቀድሞ በእንግሊዝኛ መጻፍ የእርሳቸው ብቻ ምርጫ እንዳልነበረ ከተፈራ ደግፌም፣ በጅጅጋ ተወልደው በካናዳ ከሚኖሩት ከነጋ መዝለቂያም መረዳት ይቻላል፤ የነጋ የልጅነትና የአብዮት ትዝታ እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሞ በዚያው አገር ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። የባዕድ ቋንቋ ከሚሰጠው ሰፊ ገበያ ባሻገር፣ ጎረቤት፣ ዘመድና የቀድሞ ጓድ ወዲያው ሊያነብቡት የማይችሉት በመሆኑ ጸሐፊውን ዘና ያደርገዋል፤ በአማርኛ «ታሰርኩ፣ ተገረፍኩ፣ የጓዶቼን ስም ተናገርኩ» ብሎ መጻፍ ግን ስሙ ለተነገረበት ሰው ልጆች በቀጥታ መናገር ነው። ብዙ ደራሲያን በኅቡዕ ስም፣ ማለትም የምሥጢር ድርጅት አባላት ይጠሩበት በነበረው የሐሰት ስም፣ ሰዎችን መጥራት የሚመርጡት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሌላው ወገንም ጻፈ። የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ በአመክሮ ከተፈቱት የደርግ ባለሥልጣናት መካከል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን ሲያሳትሙ፣ መጻሕፍቱ በብዛት ተሸጡ፤ አሳዳጁም ተሳዳጁም በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። አሳታሚ ድርጅት በሌለበት፣ ወይም ቢኖርም የኅትመቱን ወጪ ለመሸፈን በማይደፍርበት ገበያ ገንዘብ፣ ስምና ዘመድ ያለው ባለሥልጣን ተራ እስረኛውን መቅደሙ አይቀርም፤ ለአብዛኛው ጸሐፊ መጽሐፍ ማሳተም ማለት ከራስ ኪስ ወይም በውጭ ከሚኖሩ ወዳጆች በተገኘ ገንዘብ ማተሚያ ቤቱን ከፍሎ፣ በወመዘክር፣ ማለትም በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አዳራሽ አስመርቆ፣ የቀረውን ቅጂ በአዟሪ እጅ መስጠት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውጭ የቀሩት ለእስረኛ ስንቅ ያመላለሱት እናቶች ናቸው። በእስር ቤቱ በር ላይ የተመለሰ ምግብ ወይም የተሰጣቸው የሟች ልብስ የልጃቸው መርዶ የነበረላቸው እነዚህ ሴቶች፣ አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ በመሆናቸው፣ በልጆቻቸው ጓዶች መጽሐፍ ውስጥ በአንድና በሁለት አንቀጽ ይታያሉ። ረጅሙን ቃላቸውን የሰጡት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ በተሰጠበት የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ላይ ሲሆን፣ ያ ቃል በፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ፣ በጸሐፊው እጅ፣ «ምስክሯ እንዳስረዱት» እያለ በሦስተኛ መደብ ተመዝግቦ ይገኛል።